ከበይነ መረብ የምንሰበስባቸው ሐሳቦችና ምስሎች፡ የጋራ የሆነው የትኛው ነው? ባለቤት ያለውስ?

መምህሩ ለነገው ትምህርት የሚሆን ሥዕላዊ መግለጫ ከበይነ መረብ ይፈልጋል። የልብስ ስፌት ባለሙያዋ ዓይኗን የሳቡትን የጥልፍ ንድፎች በስልኳ ታጠራቅማለች። ጡረተኛው አባት ያስደነቃቸውን አባባል ባገኙ ቁጥር ለልጆቻቸው በቴሌግራም ይልካሉ። ተመራቂዋ ተማሪ ለጥናቷ የሚረዷትን አንቀጾች እየቀዳች ታስቀምጣለች። አዲስ ካፌ የከፈተ ነጋዴ ደግሞ የቡና ሥነ ሥርዓትን የሚያሳይ ውብ ፎቶግራፍ አግኝቶ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሊያሳትመው አስቧል። የእነዚህ ሰዎች ተግባር ሁሉ በአንድ ቃል «መሰብሰብ» ሊባል ቢችልም በሕግ ፊት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ያለማንም ፈቃድ የሚከናወን ሲሆን አንዳንዱ ደግሞ የሌላውን ሰው ንብረት ወይም ክብር የሚነካ ነው።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ዜጎች በበይነ መረብ የሚያገኟቸውን ሐሳቦችና ምስሎች ሲሰበስቡ፣ ሲያስቀምጡና ሲጠቀሙ በሥራ ላይ ባሉት ሕጎች መሠረት መብታቸውና ግዴታቸው እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ለማስገንዘብ ነው። ጽሑፉ አጠቃላይ ግንዛቤን ለመስጠት የቀረበ በመሆኑ ለተለየ ጉዳይ የሚሰጥ የሕግ ምክርን አይተካም።

የቆየ ልማድ

ቁም ነገር ያለውን ቃል ከያለበት ለቅሞ በአንድ ቦታ ማኖር ከኢንተርኔት ጋር የመጣ ነገር አይደለም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው «መጽሐፈ ፈላስፋ» ራሱ የጠቢባን አባባሎች ስብስብ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ከሶቅራጥስ፣ ከአፍላጦንና ከአርስጣጣሊስ ጀምሮ የብዙ ጠቢባን ስም ይጠራል። እያንዳንዱ አባባል በእርግጥ ከተጠቀሰው ጠቢብ የወጣ ነው ወይ የሚለው ለሊቃውንት የሚተው ጥያቄ ነው። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሚሆነው ግን ሰብሳቢዎቹ የሰውን ቃል ያለ ስም ማቅረብን አለመምረጣቸው ነው።

ዛሬ የተለወጠው ፍጥነቱና ስፋቱ ነው። ቀድሞ አንድን ገጽ ለመገልበጥ ብራና፣ ቀለምና የቀናት ድካም ይጠይቅ የነበረው ሥራ አሁን በአውራ ጣት አንድ ንክኪ ያልቃል። የቅጂው ብዛት ልክ የለውም። ከመጀመሪያው ባለቤት የተነሣ ሥራም በሦስተኛውና በአራተኛው ቅብብል ላይ ስሙን አራግፎ ይገኛል።

ሐሳቡ የሁሉ፣ አገላለጹ የባለቤቱ

በዚህ ጉዳይ መነሻ የሚሆነው ሕግ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲሆን በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። የኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 የግል ንብረትን ሲተረጉም ተጨባጭነት ያለውን ብቻ ሳይሆን አንድ ዜጋ በጉልበቱና በመፍጠር ችሎታው ያፈራውን ተጨባጭነት የሌለው ውጤትም ያካትታል። ስለሆነም ግጥም፣ ሥዕል ወይም ፎቶግራፍ እንደ ቤትና እንደ ከብት ሁሉ ንብረት ነው።

ይሁንና አዋጁ ጥበቃ የማያደርግላቸው ነገሮች አሉ። በአንቀጽ 5 እንደተደነገገው ሐሳብ፣ የአሠራር ሥርዓት፣ ዘዴ፣ ቀመር፣ መርህ፣ ግኝትና እንዲሁ ያለ መረጃ በቅጂ መብት የሚጠበቁ አይደሉም። የሕግና የአስተዳደር ይዘት ያላቸው ይፋዊ ጽሑፎችም እንዲሁ፤ አዋጆችንና ደንቦችን ማንም ዜጋ ገልብጦ ቢያሰራጭ የማንንም የቅጂ መብት አልነካም። የሚጠበቀው ሐሳቡ የተገለጸበት መንገድ ነው፤ ማለትም የጸሐፊው የራሱ ዓረፍተ ነገር፣ የሠዓሊው መስመርና ቀለም፣ ፎቶግራፍ አንሺው የመረጠው ብርሃንና ማዕዘን።

ልዩነቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ አርሶ አደር ያገለገሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶችን ቀዳድቶ ችግኝን በጠብታ ውኃ ማጠጣት እንደሚቻል የሚያስረዳ ጽሑፍ በስልኩ አነበበ እንበል። ዘዴውን በጓሮው ቢሠራበት፣ ለጎረቤቶቹ ቢያሳይ፣ በራሱ አነጋገር ጽፎ በቀበሌው ቢያሰራጨው ማንም ሊከለክለው አይችልም። ሐሳቡ የሁሉም ነውና። ነገር ግን ያንኑ ጽሑፍ ከነፎቶግራፎቹ እንዳለ ገልብጦ በራሱ ስም መመሪያ አድርጎ ቢያሳትም የጸሐፊውንም የፎቶግራፍ አንሺውንም መብት ይጥሳል። የልብስ ስፌት ባለሙያዋም ከብዙ ጥልፎች አይታ አሠራሩን ብትማርና የራሷን ብትፈጥር መልካም ነው፤ የአንዱን ንድፍ መስመር በመስመር ቀድታ ለገበያ ማቅረቧ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ዜጎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በሁለቱም በኩል ነው። አንዳንዱ «ኢንተርኔት ላይ ያለ ሁሉ ነጻ ነው» ብሎ ያለ ሥጋት ይወስዳል። ሌላው ደግሞ ክስ ይመጣብኛል በሚል ሥጋት ያነበበውን ቁም ነገር በራሱ ቃል ለማስተላለፍ እንኳ ይፈራል። የኋለኛው ስጋት መሠረት የለውም። የቅጂ መብት ዕውቀትን የሚቆልፍ በር ተደርጎ ሊታሰብ አይገባም።

ጥበቃው እንዲኖር ሥራው መመዝገብ አለበት ማለትም አይደለም። ሥራው ወጥ ሆኖ ግዙፍነት ካገኘ፣ ማለትም ከተጻፈ፣ ከተሳለ ወይም ከተቀረጸ፣ ምዝገባ ሳያስፈልገው የሥራ አመንጪው መብት ይጀምራል። በድረ ገጹ ግርጌ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚል ጽሑፍ አለመኖሩም ሥራው ባለቤት አልባ ለመሆኑ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

በግል ማስቀመጥና ለሕዝብ ማሰራጨት

አዋጁ በአንቀጽ 9 አንድ ግለሰብ ታትሞ የወጣን ሥራ ለግል አገልግሎቱ ብቻ በአንድ ቅጂ ማባዛቱን የመብቱ ባለቤት ሊከለክል እንደማይችል ይደነግጋል። ስለዚህ ያስደሰተዎትን ሥዕል በስልክዎ ማስቀመጥ፣ ጠቃሚ ያሉትን ጽሑፍ አትሞ በፋይል ማኖር፣ ልብ የሚነካ አባባል በማስታወሻ ደብተር መገልበጥ ማንንም የማያስከፋ ተግባር ነው። ፈቃዱ ግን ገደብ አለው። ለምሳሌ አንድን መጽሐፍ በሙሉ ወይም አብዛኛውን ክፍሉን በፎቶ ኮፒና በመሳሰለው ዘዴ ማባዛትን አይጨምርም።

ወሰኑ የሚታለፈው ከግል ማኅደር ወደ ሕዝብ ሲወጣ ነው። በአገራችን ጎልቶ የሚታየው የመጻሕፍት ጉዳይ ነው። ገና ከማተሚያ ቤት የወጣ የአማርኛ መጽሐፍ በጥቂት ቀናት ውስጥ ገጽ በገጽ ፎቶ ተነሥቶ፣ ፒዲኤፍ ሆኖ፣ ብዙ ሺህ ተከታይ ባለው የቴሌግራም ቻናል ላይ ሲለቀቅ ይታያል። የሚለቁት ሰዎች ብዙውን ጊዜ ክፉ ሐሳብ የላቸውም፤ «ንባብን ለማስፋፋት ነው» ይላሉ። ነገር ግን በአገራችን ብዙ ደራሲያን የማሳተሚያውን ወጪ የሚሸፍኑት ከራሳቸው ኪስ ወይም በብድር ነው። አንባቢ ሁሉ መጽሐፉን በነጻ ካገኘው ደራሲው ሁለተኛውን መጽሐፍ በምን ያሳትማል? ንባብን ማስፋፋት የሚሻ ሰው ስለ መጽሐፉ የራሱን አስተያየት ጽፎ፣ አንድ ሁለት አንቀጽ ጠቅሶ፣ የሚገኝበትን መደብር ቢጠቁም ለአንባቢውም ለደራሲውም ይጠቅማል።

የካፌው ባለቤት ጉዳይም እዚህ ላይ ይወድቃል። ፎቶግራፉን በስልኩ ቢያኖረው የግል ጉዳዩ ነበር። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲያወጣው ግን ለንግድ ጥቅም እያዋለው ስለሆነ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃድ መጠየቅ ብዙዎች እንደሚገምቱት አስቸጋሪ አይደለም። ለፎቶግራፍ አንሺው በሚከተለው ዓይነት አጭር መልእክት መጻፍ ይቻላል፦ «በገጽዎ ላይ ያወጡትን የቡና ሥነ ሥርዓት ፎቶግራፍ በካፌዬ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለአንድ ዓመት ለመጠቀም ፈቃድዎን እጠይቃለሁ። ስምዎ ከፎቶግራፉ ሥር ይጻፋል። ክፍያ የሚጠይቁ ከሆነ ይግለጹልኝ።» የትኛው ምስል፣ ለምን ጉዳይ፣ የት፣ ለምን ያህል ጊዜ የሚሉት በግልጽ መቀመጣቸው በኋላ የሚነሣን ጭቅጭቅ ያስቀራል። መልሱም በጽሑፍ ሊሆንና ሊቀመጥ ይገባል። መልስ አለማግኘት ደግሞ እንደ ፈቃድ አይቆጠርም።

መጥቀስና ማስተማር

ተማሪዎችና መምህራን ከሌላው ሰው የተሻለ ነጻነት አላቸው። አንቀጽ 10 ታትሞ ከወጣ ሥራ ቀንጭቦ መጥቀስን፣ አንቀጽ 11 ደግሞ ለማስተማር ዓላማ ማባዛትን ይፈቅዳል። በሁለቱም ረገድ መለኪያው ተመሳሳይ ነው፦ የሚወሰደው መጠን ከመልካም ልማድና ዓላማው ከሚጠይቀው ልክ ማለፍ የለበትም፤ ምንጩና የሥራ አመንጪው ስምም መጠቀስ አለበት። አንድን ሐሳብ ለመደገፍ ሦስት መስመር መጥቀስ ሐሳብን ማስደገፍ ነው፤ ሦስት ገጽ ገልብጦ ከግርጌ ስም ማስቀመጥ ግን መጥቀስ አይባልም።

«ምንጭ፡ ጎግል» ስለሚለው ልማድ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። በጥናት ወረቀት፣ በትምህርት ቤት መጽሔት፣ አልፎ አልፎም በመሥሪያ ቤት ሪፖርት ሳይቀር ይህ አጻጻፍ ይታያል። ጎግል የምስሉ ባለቤት አይደለም፤ መንገድ ጠቋሚ ነው። በመርካቶ የገዛነውን ዕቃ ማን እንደሠራው ስንጠየቅ «ሰፈሩን ያሳየኝ ልጅ ነው» ብለን እንደማንመልስ ሁሉ የፈለግንበትን መሣሪያ ስም ጽፈን ምንጭ ጠቀስን ልንል አንችልም። «ከፌስቡክ የተወሰደ» የሚለውም ከዚህ አይሻልም።

ስምን መጥቀስ የትሕትና ጉዳይ ብቻ ተደርጎም መታየት የለበትም። አዋጁ ለሥራ አመንጪው ከሚያጎናጽፈው ኢኮኖሚያዊ መብት ውጭ የሞራል መብትም ይሰጠዋል፤ ስሙ እንዲጠቀስለትና ሥራው ክብሩን በሚነካ ሁኔታ ተዛብቶ እንዳይቀርብ መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ከፎቶግራፍ ጥግ ላይ የተጻፈውን የባለሙያ ስም ቆርጦ በምትኩ የራስን ገጽ ምልክት መለጠፍ፣ ምንም እንኳ በማኅበራዊ ሚዲያ የተለመደ ቢሆን፣ ተራ የማስዋብ ሥራ አይደለም።

በፎቶግራፍ ውስጥ ያለው ሰው

ስለ ምስል ሲነሣ ብዙዎች የሚዘነጉት ሁለተኛ ባለመብት አለ። አንድ ፎቶግራፍ ካነሣው ሰው በተጨማሪ የተነሣው ሰው መብት ይኖርበታል።

ከምንጭ ውኃ ቀድታ የምትመለስ የአንዲት እናት ፎቶግራፍ በአንድ ጎብኚ ገጽ ላይ ወጣ እንበል። ምስሉ ውብ ነው፤ «የጽናት ተምሳሌት» ተብሎ በብዙ ሰው ተወደደ። አንዱ ለግል ስብስቡ አስቀመጠው፤ ከእርሱ ሌላው ተቀበለ። ከወራት በኋላ ስለ አንድ ተላላፊ በሽታ የሚያስረዳ በራሪ ወረቀት የሚያዘጋጅ ድርጅት «የገጠር ሴት» ብሎ ፈልጎ ያንኑ ምስል አገኘና በሽፋኑ ላይ አተመው። ወረቀቱ የሴትየዋ ጎረቤቶች በሚታከሙበት ጤና ጣቢያ ተለጠፈ። ከዚያ በኋላ በገበያና በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚወራውን፣ ልጇን ለመዳር ሽማግሌ ሲመጣ የሚጠየቀውን መገመት አያዳግትም። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ካለፉት ሰዎች አንዱም ሊጎዳት አላሰበም። እርሷን የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም።

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ጉዳይ ኢንተርኔት ከመምጣቱ ብዙ ቀደም ብሎ በ1952 ዓ.ም. ደንግጎታል። በቁጥር 27 መሠረት የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ሊለጠፍ፣ ሊባዛ ወይም ሊሸጥ አይችልም። በቁጥር 28 የተመለከቱ ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ ባለምስሉ በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ወይም የመንግሥት ኃላፊነት ያለው ሰው ሲሆን፣ ለፍትሕና ለፖሊስ ሥራ ሲያስፈልግ፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ጥቅም ሲሆን፣ እንዲሁም ምስሉ በአደባባይ ከተከናወነ ወይም ሕዝብን ከሚመለከት ክስተት ጋር የተያያዘ ሲሆን ፈቃድ አያስፈልግም። በጥምቀት በዓል በጃንሜዳ የተሰበሰበውን ሕዝብ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ከዚያው ሕዝብ መካከል የአንዲት ወጣትን ፊት ብቻ ነጥሎ የቅባት ማስታወቂያ ማድረግ ግን ከበዓሉ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ምስሉ ያለ ፈቃዱ የወጣበት ሰው በቁጥር 29 መሠረት ድርጊቱ እንዲቆም የመጠየቅ መብት አለው፤ እንደ ሁኔታውም ካሣ ሊወሰንለት ይችላል።

በቅርቡ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። አዋጁ የሰውን ማንነት የሚገልጡ መረጃዎችን የሚሰበስቡና የሚያቀናብሩ አካላትን ግዴታ የሚወስን ሲሆን የማስፈጸም ሥልጣኑ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የደንበኞችን ወይም የተማሪዎችን ምስል የሚሰበስቡ ድርጅቶችና ትምህርት ቤቶች ሊያነቡት ይገባል።

ስለ ሕፃናት ምስል ከሕግ ድንጋጌም በላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የታመመ፣ የተራበ ወይም ያለቀሰ ሕፃን ምስል ስሜትን ስለሚነካ በፍጥነት ይዛመታል። ያ ሕፃን ግን ያድጋል፤ ሃያ ዓመት ሲሞላው ሥራ ፍለጋ ሲሄድም ምስሉ ከበይነ መረብ ላይ አይጠፋም። ለእርዳታ ማሰባሰቢያ ተብሎ የሚሰራጭ ቢሆን እንኳ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ መኖሩ ያልተረጋገጠን ምስል ለሌላ አለማስተላለፍ የተሻለ ነው።

የመጣበትን መፈለግ

አሳቢ የሚያደርግ ቃል ወይም ምስል ስናገኝ ከየት እንደመጣ መጠየቅ የሰብሳቢነት ዋና ክፍል ነው። አባባሎች በጉዞ ላይ ባለቤት ይለውጣሉ። ለዚህ ከእኛው ታሪክ ጥሩ ምሳሌ አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 23 ቀን 1956 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ፊት ስለ ዘር እኩልነትና ስለ ሰላም ያደረጉት ንግግር አንድ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1976 ቦብ ማርሊ ባወጣው «ዋር» በተሰኘው ዘፈን ውስጥ ግጥም ሆኖ ገባ። ዘፈኑ ዓለምን ስለዞረ ቃሉ ብዙ ጊዜ በዘፋኙ ስምና ምስል ታጅቦ ይሰራጫል። የንግግሩን ሙሉ ቃል ያነበበ ሰው ግን ማን፣ የት፣ ለማን እንደተናገረው ያውቃል፤ ከዘፈኑ ያላገኘውን የቀረውን ሐሳብም ያገኛል።

ለፎቶግራፍ ደግሞ ቀላል መሣሪያዎች አሉ። «ጎግል ሌንስ» እና «ቲንአይ» የተባሉት አገልግሎቶች ምስሉን ራሱን ተቀብለው ተመሳሳዩ ቀደም ሲል በየትኞቹ ድረ ገጾች ላይ እንደወጣ ያሳያሉ። ከውጤቶቹ መካከል ጥንታዊውንና ጥራቱ የተሻለውን መመልከት ብዙ ጊዜ ወደ መጀመሪያው ባለቤት ያደርሳል። ዛሬ በመንደራችን ደረሰ የተባለ አደጋ ምስል ከዓመታት በፊት በሌላ አገር የተነሣ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ይህ የትክክለኛነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በግጭት ወቅት የሌላ ቦታ አስከሬን ምስል «የወገኖቻችን» ተብሎ ሲሰራጭ ሕይወት የሚያስጠፋ ቁጣ ሊያስነሣ ይችላል። የጥላቻ ንግግርን እና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን በወንጀል የሚያስጠይቅ ያደረገውም በዚህ ዓይነቱ ጉዳት ምክንያት ነው።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈጠሩ ምስሎች ፍለጋውን አክብደውታል። እንዲህ ያለ ምስል በስብስብ ውስጥ የሚገባ ከሆነ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ መሆኑን ከጎኑ መጻፍ ይገባል። በተለይ የታሪክ ሰዎችን የሚያሳዩት፣ ከእውነተኛ ጥንታዊ ፎቶግራፍ ጋር ተቀላቅለው ለተማሪ ከቀረቡ፣ በኋላ መለየቱ ይቸግራል።

ያለ ጭንቀት የሚወሰዱ ምስሎች

ፈቃድ መጠየቅ ሳያስፈልግ በሕጋዊ መንገድ የሚገኝ ሀብት ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ሰፊ ነው። የመጀመሪያው የጥበቃ ዘመኑ ያበቃ ሥራ ነው። በአገራችን ሕግ ኢኮኖሚያዊው መብት በመርህ ደረጃ የሥራ አመንጪው በሕይወት ባለበት ዘመንና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት የሚቆይ ሲሆን ለፎቶግራፍ ግን ከተነሣበት ጊዜ አንሥቶ ለ25 ዓመት ነው። የሌሎች አገሮች ሕግ ከዚህ የተለየ ዘመን ሊወስን ስለሚችል ሥራውን በውጭ አገር ለማሳተም ያሰበ ሰው የዚያን አገር ሕግ ማየት አለበት።

ሁለተኛው ባለቤቶቹ ራሳቸው አስቀድመው የፈቀዱት ነው። «ክሪኤቲቭ ኮመንስ» በመባል የሚታወቁት ስድስት የፈቃድ ዓይነቶች ተጠቃሚው ምን ማድረግ እንደሚችል በአጭሩ ይናገራሉ። ስድስቱም የባለቤቱ ስም እንዲጠቀስ ይጠይቃሉ። ከዚህ በተጨማሪ አንዳንዶቹ ለንግድ እንዳይውል፣ አንዳንዶቹ ተለውጦ እንዳይሰራጭ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ተለውጦ ከተሰራጨ በዚያው ፈቃድ እንዲሆን ይወስናሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው «ዊኪሚዲያ ኮመንስ» በዚህ ዓይነት ፈቃድ የተለቀቁ እጅግ ብዙ ምስሎችን የያዘ ሲሆን የላሊበላን፣ የአክሱምን፣ የጎንደርን፣ የሰሜን ተራሮችን ምስሎች ከነአንሺው ስምና ከነፈቃዱ ዓይነት ያገኙበታል። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የጥበቃ ዘመናቸው ያለፈ የስብስቦቹን ምስሎች ለማንኛውም አገልግሎት በነጻ ለቋል። የአሜሪካው የጠፈር ምርምር ተቋም ናሳ የሚያወጣቸው ምስሎችም በአብዛኛው የቅጂ መብት የሌለባቸው በመሆኑ ለሳይንስ መምህራን ትልቅ ሀብት ናቸው፤ የተቋሙን ዓርማ ግን እንደፈለጉ መጠቀም አይቻልም።

ሙሉውን ሥራ ከመገልበጥ ይልቅ ወደ መጀመሪያው ገጽ የሚወስደውን ማስፈንጠሪያ ማጋራትም አለ። አንባቢው ሥራውን ከባለቤቱ ቤት ስለሚያገኘው ስሙም ጥቅሙም አይቀርበትም። ችግሩ ማስፈንጠሪያዎች በጊዜ ብዛት የሚሞቱ መሆናቸው ነው። ዛሬ የተከፈተ ገጽ ከሦስት ዓመት በኋላ ላይኖር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1996 የተመሠረተው «ኢንተርኔት አርካይቭ» በ«ዌይባክ ማሽን» አማካይነት የድረ ገጾችን የቀድሞ ገጽታ ያኖራል፤ ማንም ሰው አንድ ገጽ እንዲቀመጥ አድራሻውን በማስገባት ሊያዝ ይችላል። ለጥናት ወይም ለክርክር የሚያስፈልግ ገጽ ያገኘ ሰው ይህን ቢያደርግ በኋላ ከመቆጨት ይድናል።

ለማንኛውም ስብስብ፣ በስልክም ይሁን በደብተር፣ ከእያንዳንዱ ሥራ ጎን የሥራ አመንጪው ስም፣ የተገኘበት አድራሻና የተወሰደበት ቀን ቢጻፍ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ይወስዳል። ከዓመት በኋላ ያንኑ ለማግኘት ግን ሙሉ ቀን ላይበቃ ይችላል።

የእርስዎ ሥራ ወይም ምስል ያለ ፈቃድ ከተወሰደ

በመጀመሪያ ማስረጃ ይያዝ። ሥራው ወይም ምስሉ የወጣበትን ገጽ የስክሪን ቅጂ ከነአድራሻው፣ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ሰዎች ጥያቄ ሲቀርብላቸው ገጹን ሊያጠፉት ስለሚችሉ ከመጻፍ በፊት ይህ ይቅደም። የራስዎን ሥራ ኦሪጅናል ፋይል፣ በፎቶግራፍ ረገድ ደግሞ ካሜራው ወይም ስልኩ የመዘገበውን ያልተነካካ ምስል አይሰርዙ።

ቀጥሎ ላወጣው ሰው በጽሑፍ ማሳወቅ ይመከራል። ብዙ ጉዳዮች ስም በመጨመር ወይም ምስሉን በማንሣት እዚሁ ላይ ያልቃሉ። እምቢታ ከገጠመ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም የቅጂ መብትና የግል ምስል ጥሰት ጥቆማ የሚቀበሉበት ሥርዓት ስላላቸው በዚያ ማመልከት ይቻላል።

ሥራን ስለ ማስመዝገብ መረጃ የሚፈልጉ የሥራ አመንጪዎች የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን መጠየቅ ይችላሉ። ምዝገባ ለጥበቃው ቅድመ ሁኔታ ባይሆንም ክርክር ሲነሣ ሥራው የማን እንደሆነና መቼ እንደነበረ ለማስረዳት ይረዳል። ስለሚያስፈልጉ ሰነዶችና ስለ አገልግሎት ክፍያ ከማመልከትዎ በፊት ከባለሥልጣኑ አጣርተው ቢሄዱ ምልልስ ይቀንስልዎታል። ጉዳዩ በስምምነት ካልተፈታ የመብቱ ባለቤት ጥሰቱ እንዲቆም የእግድ ትእዛዝና ካሣ ለማግኘት ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይችላል፤ እንደ ድርጊቱ ክብደትም ጉዳዩ በወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል። የራስን ምስል የሚመለከት አቤቱታ ግን የቅጂ መብት ምዝገባ አይጠይቅም፤ ባለምስሉ ፎቶግራፉን ያነሣው ሰው ማንም ይሁን ማን በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት በቀጥታ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል።